የገብስን የፕሮቲን ቤተሰብ በላፕቶፕ ማጥራት፣ መመዝገብና በስዕል ማሳየት፦ ዝርዝር መመሪያ

ደብረ ብርሃን ላይ ስለ ገብስ በሽታ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ጂኑን አገኘሁት፤ ፕሮቲኑንም አወረድኩት። ከዚያስ?» ይላሉ። ይህ መመሪያ ለዚያ «ከዚያስ» የተጻፈ ነው። አንድን የፕሮቲን ቤተሰብ ሰብስባችሁ፣ አጥርታችሁ፣ መዝግባችሁ በስዕል እስክታሳዩ ድረስ ይወስዳችኋል። የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች በሙሉ ለትምህርትና ለምርምር በነፃ የሚገኙ ናቸው። ስምንት ጊጋባይት ራም ያለው ተራ ላፕቶፕም ይበቃል።

የፕሮቲን ቤተሰብ ስል ከአንድ ጥንታዊ ፕሮቲን የወረዱ ዘመዳሞችን ማለቴ ነው። የተጣራ ቤተሰብ ደግሞ ሰው ተቀምጦ ያየው ነው። ይኼኛው አባል ነው፣ ያኛው አይደለም ብሎ የወሰነበት ማለት ነው። ስዕል ቢጠፋ በደቂቃዎች ውስጥ እንደገና ይሠራል። አንድን ሲኩዌንስ (የአንድ ፕሮቲን አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል) ያስገባችሁበት ወይም የጣላችሁበት ምክንያት ከጠፋ ግን ሥራው ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ከስዕሉ በፊት ውሳኔውን ያዙ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው።

ለምሳሌ የምንይዘው ቤተሰብ

ኤምኤልኦ የሚባለውን ቤተሰብ እንያዝ። ጂኑ መጀመሪያ ተለይቶ የታወቀው በገብስ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997። የገብሱ ፕሮቲን 533 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ የሕዋሱን ሽፋን ሰባት ጊዜ ሰንጥቆ ያልፋል። ፕሮቲኑ ሥራውን በደንብ ሲሠራ ገብሱ ዱቄት መሰል ለሆነው የቅጠል ሻጋታ ይጋለጣል። ሥራውን ሲያቆም ተክሉ በሽታውን ይቋቋማል።

ነገሩን ወደ ቤታችን የሚያመጣው ሌላ ታሪክ ነው። አውሮፓ ውስጥ ብዙ የጸደይ ገብስ ዝርያዎች ይህን የመቋቋም ባሕርይ ያገኙት ኤምኤልኦ-11 ከሚባለው የጂኑ ዓይነት ነው። እሱ ደግሞ በ1930ዎቹ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ የአገር ገብሶች የመጣ ነው። ከመንዝ እስከ አንኮበር ገብስ ለሚዘራበት አካባቢ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም።

አንደኛ፦ ላፕቶፑን ማዘጋጀት

ሊኑክስ ያላችሁ በቀጥታ ቀጥሉ። ዊንዶውስ የምትጠቀሙ ደብሊውኤስኤልን ጫኑ፤ ዊንዶውሱን ሳትነኩ ሊኑክስን በውስጡ ያስኬድላችኋል። ከዚያ ፕሮግራሞችን የሚጭነውን ኮንዳን አስገቡና ባዮኮንዳ ከሚባለው ቻናል ሃመርን (ሞዴል ሠርቶ የሚፈልግ)፣ ማፍትን (የሚያሰልፍ)፣ ሲዲ-ሂትን (ተደጋጋሚዎችን የሚቀንስ) እና አይኪው-ትሪን (የዝምድና ዛፍ የሚሠራ) ጫኑ። ጃልቪው (አሰላለፍ ማያና ማስተካከያ) እና ኪሜራኤክስ (የፕሮቲን ቅርጽ ማያ) በመስኮት የሚሠሩ ፕሮግራሞች ስለሆኑ ከየድረ ገጻቸው ወርደው ለብቻ ይጫናሉ። የፋይሎችን ለውጥ ታሪክ የሚይዘውን ጊትንም አትርሱ።

ኔትወርክ ጥሩ የሆነበትን ሰዓት ጠብቃችሁ ትልልቆቹን ፋይሎች በአንድ ጊዜ አውርዱ። ዩኒፕሮት የሚባለው የፕሮቲኖች ዳታቤዝ የተጣራው ክፍል ስዊስ-ፕሮት ይባላል፤ ታምቆ ሲወርድ ከ100 ሜጋባይት በታች ነው። ያልተጣራው ትሬምብል ግን ብዙ አስር ጊጋባይት ስለሆነ አትሞክሩት። ከእሱ የምትፈልጉትን ተክል ብቻ መርጣችሁ ማውረድ ይቻላል። በብራውዘር ከማውረድ ደብሊውጌት በሚባለው ኮማንድ አውርዱ። «ሲ» የሚለውን አማራጭ ስትጨምሩበት መብራት ሄዶ ቢመለስ እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል። ወርዶ ሲያልቅ የኤምዲ5 ቁጥሩን (ፋይሉ ሙሉ መሆኑን የሚያሳይ መለያ) አስተያዩ። ግማሹ ብቻ የወረደ ፋይል አንዳንዴ ስህተት ሳያሳይ ይከፈታል፤ ጉዳቱ የሚታወቀው በኋላ ነው።

ሁለተኛ፦ ሌላ ሰው የሠራውን ማየት

ከባዶ አትጀምሩ። ፒፋም ከ20,000 በላይ የተጣሩ ቤተሰቦችን የያዘ ዳታቤዝ ነው። የድሮው የፒፋም ድረ ገጽ በ2023 መጀመሪያ ላይ ስለተዘጋ አሁን ሁሉም ነገር የሚገኘው ኢንተርፕሮ በሚባለው የፕሮቲን ቤተሰቦች ድረ ገጽ ውስጥ ነው። የድሮውን አድራሻ የሚጠቅሱ መማሪያዎች አሁንም እጅ በእጅ ይዞራሉና እንዳያሳስቷችሁ።

ኤምኤልኦ በፒፋም ያለው መለያ ፒኤፍ 03094 ነው። ገጹን ክፈቱና ሲድ አላይመንቱን አውርዱ። ይህ የቤተሰቡ ተወካዮች ብቻ ተመርጠው፣ ተመሳሳይ ቦታቸው በአንድ ዓምድ ሥር እንዲውል ተሰልፈው የተቀመጡበት ፋይል ነው። አጠገቡ ሙሉ አላይመንት የሚባል አለ። እሱ ኮምፒውተሩ በሞዴሉ ፈልጎ ያገኛቸውን ሁሉ የያዘ ነው። ባለሙያ እጁን ያሳረፈበት ሲዱ ስለሆነ መነሻችሁ እሱ ይሁን።

ሦስተኛ፦ መሰብሰብና ማጥራት

አሁን የራሳችሁን አባላት ጨምሩ። ገብስ፣ ስንዴ፣ ሩዝ፣ አራቢዶፕሲስ (ለምርምር የሚያገለግል ትንሽ ተክል) እና ቲማቲም ለመጀመሪያ ይበቃሉ። አራቢዶፕሲስ 15 የኤምኤልኦ ጂኖች እንዳሉት ይታወቃል። ከፍለጋችሁ ያገኛችሁት ከዚያ በጣም ካነሰ ወይም ከበዛ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። የዳቦ ስንዴ ሦስት ጂኖም ስላለው ለአንድ የገብስ ጂን ሦስት ቅጂ ቢመጣላችሁ አትገረሙ።

ስዊስ-ፕሮት ውስጥ ያለ ሲኩዌንስ ሰው ያየው ነው። ትሬምብል ውስጥ ያለው በብዛት ኮምፒውተር ከጂኖም የተነበየው ነው፤ ኤክሶን (ፕሮቲን የሚሆነው የጂኑ ክፍል) ሊጎድለው ወይም ተቆርጦ መውጣት የነበረበት ኢንትሮን በውስጡ ሊቀር ይችላል። ርዝመቱን እዩ። ዘመዶቹ 500 አካባቢ ሆነው አንዱ 210 ብቻ ከሆነ ቁራጭ ነው። ለሲድ አይሆንም፤ መጨረሻ ላይ ግን እንደ አባል ሊቆጠር ይችላል።

ከዚያ ሲዲ-ሂትን በ90 በመቶ ተመሳሳይነት አስኪዱት፤ የሚደጋገሙትን ይቀንሳል። አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ፕሮግራሙ ከተመሳሳዮቹ መካከል ረጅሙን ነው የሚያስቀረው፤ በቤተ ሙከራ የተረጋገጠውን አይደለም። የገብሱ ኤምኤልኦ ከስንዴው ጋር በጣም ስለሚቀራረብ ሊጣልባችሁ ይችላል። ምንጊዜም መቅረት ያለባቸውን ስሞች አስቀድማችሁ ጻፉና በኋላ በእጅ መልሷቸው።

አራተኛ፦ ማሰለፍና በዓይን ማየት

ማፍትን ኤል-ኢንስ-አይ በሚባለው ዘዴ አስኪዱት። ቀርፋፋ ነው፤ ከ200 ለማይበልጡ ሲኩዌንሶች ግን ለትክክለኛነቱ ሲባል መታገሱ ያዋጣል። ውጤቱን በጃልቪው ክፈቱ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ጊዜ አትሰስቱበት። በእኔ እምነት የሥራው ልብ እዚህ ነው። ቀለሙን «ክላስታል ኤክስ» ላይ አድርጉ። ውኃ የሚሸሹት አሚኖ አሲዶች ሰማያዊ ይሆናሉ። ስክሪኑን ወደ ቀኝ ስታንሸራትቱ ሰማያዊው እየሰበሰበ ወፍራም ቀጥ ያለ መስመር ሲሠራ ታያላችሁ፤ ከዚያ ይበተናል፣ ቆይቶ እንደገና ይሰበሰባል። እነዚህ ሽፋኑን የሚሰነጥቁት ክፍሎች ናቸው። ሰባት መሆን አለባቸው። ቁጠሩ። አንድ ሲኩዌንስ ላይ አራተኛው መስመር ቦታ ክፍት ሆኖ ሰረዝ ብቻ ከታየ፣ ያ ተክል በእርግጥ ስድስት ብቻ አለው ብላችሁ አትቸኩሉ። አብዛኛውን ጊዜ የጎደለው በትንበያው ላይ የተረሳ ኤክሶን ነው።

ቀጥላችሁ ሲስቲኖቹን ፈልጉ። በዚህ አቀላለም አንድ ዓምድ ሙሉ ሲስቲን ሲሆን ሮዝ ሆኖ ይወጣል። በኤምኤልኦ ቤተሰብ ከሕዋሱ ውጭ ባሉት ክፍሎች አራት የማይለወጡ ሲስቲኖች አሉ። እኔ አንድን አዲስ አባል ስመረምር መጀመሪያ የማየው እነሱን ነው። አራቱም በቦታቸው ካሉ እምነቴ ይጨምራል። አንዱ በአንድ ፊደል ተንሸራትቶ ከጎኑ ባለው ዓምድ ከተቀመጠ አሰላለፉ ነው የተሳሳተው። ጃልቪው ውስጥ ያንን ሲኩዌንስ ይዛችሁ በመዳፊት መጎተትና ማስተካከል ይቻላል። ባስተካከላችሁ ቁጥር ፋይሉን በአዲስ ስም ሴቭ አድርጉ፤ በዚያኑ ደቂቃ ምን እንደነካችሁ ጻፉ።

የፕሮቲኑ ጫፎች ላይ ብዙ አትድከሙ። የኤምኤልኦ መጨረሻው ክፍል ከተክል ተክል በጣም ይለያያል። ካልሞዱሊን የሚባለውን ፕሮቲን የሚይዝበት ቦታ እዚያ ስለሆነ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲያ ያለው ጅራት በግድ ቢሰለፍ ሞዴሉን ከመረበሽ በቀር ጥቅም የለውም። ቁረጡት።

አምስተኛ፦ ሞዴሉንና ገደቡን ማውጣት

ሃመር ውስጥ ኤችኤምኤም-ቢልድ የሚባለው ፕሮግራም አላይመንቱን ወደ ሂደን ማርኮቭ ሞዴል ይቀይረዋል። ሞዴሉ ለእያንዳንዱ ዓምድ የትኛው አሚኖ አሲድ ምን ያህል እንደሚጠበቅ ይይዛል። ከዚያ ኤችኤምኤም-ሰርች ሞዴሉን ይዞ ስዊስ-ፕሮትን ይፈትሻል። ይህ በተራ ላፕቶፕ ብዙ አይቆይም፤ ቡናችሁ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። ውጤቱን በሠንጠረዥ እንዲያወጣ ቲቢኤል-አውት የሚለውን አማራጭ ጨምሩ።

ሠንጠረዡ ላይ ሦስት ቁጥሮችን ተመልከቱ፦ ኢ-ቫልዩ፣ ነጥብ እና ቢያስ።

ኢ-ቫልዩ በአጋጣሚ እንዲህ ያለ ውጤት ስንት ጊዜ ይጠበቃል የሚለውን ይናገራል። ችግሩ የዳታቤዙ መጠን ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። ዛሬ ስዊስ-ፕሮት ላይ ያያችሁት ቁጥር ነገ በትልቅ ዳታቤዝ ላይ ሌላ ይሆናል። ነጥቡ ግን አይለወጥም። ስለዚህ የቤተሰባችሁን ድንበር በነጥብ አስምሩ። ፒፋምም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ጂኤ የሚባል ገደብ አለው። ሁለት ቁጥር ይይዛል፦ አንዱ ለሙሉው ሲኩዌንስ፣ ሌላው ለእያንዳንዱ ዶሜን (በሲኩዌንሱ ውስጥ ከሞዴሉ ጋር ለሚገጥም ክፍል)።

ገደቡን ለማውጣት ዝርዝሩን በነጥብ ደርድሩና ከላይ ወደ ታች አንብቡ። ላይኞቹ ያለ ጥርጥር አባላት ይሆናሉ። ወደ ታች ስትወርዱ አንድ ቦታ ላይ የማታውቁት ስም ይመጣል። እያንዳንዱን በዩኒፕሮት ገጹ ላይ ክፈቱና አጣሩ። ለማስረዳት ያህል፣ የመጨረሻው እርግጠኛ አባል 41 ነጥብ፣ የመጀመሪያው ባዕድ ደግሞ 23 ነጥብ ቢያገኙ ገደቡ 30 አካባቢ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ግን ጥንቃቄን ምረጡ፤ አንድ ባዕድ ከማስገባት ጥቂት ዘመድ ማስቀረት ይሻላል። የገባ ባዕድ በሚቀጥለው ዙር የራሱን ዘመዶች እየጎተተ ያመጣል።

ቢያስ፣ ማለትም ሲኩዌንሱ በአንድ ዓይነት አሚኖ አሲዶች በመሞላቱ ብቻ የሚያገኘውን ነጥብ ለማረም የሚሰላውን ቁጥር፣ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ለኤምኤልኦ ግን ዋና ነገር ነው። ሽፋን የሚሰነጥቁ ፕሮቲኖች ሁሉ ውኃ የሚሸሹ ረጅም ክፍሎች አሏቸው። ዝምድና የሌለው ሌላ የሽፋን ፕሮቲን በዚያ ብቻ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ቢያሱ ከነጥቡ ጋር የሚቀራረብ ትልቅ ቁጥር ከሆነ ተጠራጠሩ። ወደ ጃልቪው ተመልሳችሁ አራቱን ሲስቲኖች ፈልጉበት።

አዲስ እርግጠኛ አባል ስታገኙ፣ በተለይ ራቅ ካለ ተክል ከሆነ፣ ሲዱ ውስጥ ጨምሩና ሞዴሉን እንደገና ገንቡ። አዲስ አባል መምጣት ሲያቆም ጨርሳችኋል። ገደቡን ፋይሉ ውስጥ ካስገባችሁ በኋላ ከት-ጂኤ የሚለውን አማራጭ ስትጠቀሙ ሃመር ራሱ ያከብረዋል።

ስድስተኛ፦ መዝገቡ

ሲዱን በስቶክሆልም ፎርማት አስቀምጡ። ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ በማንኛውም ኤዲተር ይከፈታል። የመጀመሪያው መስመር የፎርማቱን ስም ይናገራል፤ መጨረሻው ሁለት ስላሽ ነው። ጥቅሙ ከሲኩዌንሱ ጎን ማስታወሻ መያዙ ነው። ጂኤፍ በሚለው ምልክት የሚጀምር መስመር ስለ ቤተሰቡ በሙሉ ይናገራል፦ ስም፣ ያዘጋጀው ሰው፣ ገደብ፣ አስተያየት። ጂኤስ ስለ አንድ ሲኩዌንስ፣ ጂሲ ደግሞ ስለ ዓምድ ነው። ሰባቱን የሽፋን ክፍሎች በጂሲ መስመር ላይ ምልክት ብታደርጉባቸው ቀጥሎ የሚመጣ ሰው ያለ እናንተ ይረዳቸዋል።

ውሳኔዎቹን ለብቻ በሠንጠረዥ ያዙ። አምስት ዓምድ ይበቃል፦ መለያ ቁጥር፣ ገባ ወይስ ተጣለ፣ ምክንያቱ፣ የወሰነው ሰው፣ ቀኑ። ከአንድ በላይ ቤተሰብ የምትይዙ ከሆነ ኤስኪውላይት በሚባለው ትንሽ ዳታቤዝ ውስጥ አስገቡት፤ አንድ ፋይል ነው፣ ሰርቨር አይፈልግም። ኤክሴል ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። የጂን ስሞችን ወደ ቀን ይቀይራል። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሳ የሰው ጂኖችን ስም የሚያጸድቀው ኮሚቴ በ2020 የአንዳንዶቹን ስም እስከ መቀየር ደርሷል። ዓምዱን አስቀድማችሁ «ጽሑፍ» አድርጉት።

የቀን ነገር ለእኛ የራሱ ጣጣ አለው። ዩኒፕሮት እትሞቹን በዓመትና በቁጥር ነው የሚጠራቸው። ማስታወሻችሁ ላይ «2017» ብላችሁ ብትጽፉ የእኛው 2017 ይሁን የፈረንጆቹ ከሁለት ዓመት በኋላ ማንም አያውቅም፤ መካከላቸው ሰባት ስምንት ዓመት አለ። ሠንጠረዡ ውስጥ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ አቆጣጠር፣ ዓመት-ወር-ቀን ተብሎ ይጻፍ። የዳታቤዙ እትም ደግሞ በራሱ ዓምድ ይቀመጥ። ምክንያቱን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ እኔ እንዲያውም እመክራለሁ፣ ሐሳብ በራስ ቋንቋ ሲጻፍ ግልጽ ይሆናል። ፋይሉን ብቻ የአማርኛ ፊደልን በሚይዘው በዩቲኤፍ-8 ሴቭ አድርጉ። የፋይልና የሲኩዌንስ ስሞች ግን በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ ይሁኑ።

ፎልደሩን በሙሉ በጊት ያዙት። ኔት ባይኖርም ይሠራል።

ሰባተኛ፦ ስዕሎቹ

እዚህ ላይ መጣደፍ ይቻላል፤ መሠረቱ ካማረ ስዕሉ ቀላል ነው።

ሎጎ (በየዓምዱ የሚጠበቁትን ፊደላት የሚያሳይ ስዕል) ለመሥራት ሞዴሉን ስካይላይን ወደሚባለው ድረ ገጽ አስገቡ። ረጃጅም ፊደላት የማይለወጡ ቦታዎች ናቸው። የአላይመንት ስዕል ከጃልቪው በኤስቪጂ አውጡ፤ ሲያጎሉት አይደበዝዝም። የመመረቂያ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ ስለሚባዛ ለኅትመት የክላስታሉን ቀለማት ትታችሁ የተመሳሳይነት በመቶኛ የሚለውን ምረጡ። እሱ የአንድ ቀለም ድምቀትና ፍዘት ስለሆነ ፎቶኮፒ ላይም ይነበባል።

የዝምድናውን ዛፍ በአይኪው-ትሪ ሥሩ፤ የቅርንጫፎቹን አስተማማኝነት የሚፈትነውን አልትራፋስት ቡትስትራፕ 1000 አድርጉና 95 እና ከዚያ በላይ ያገኙትን ቅርንጫፎች እመኑ። አይቶል በሚባለው ዛፍ ማሳያ ድረ ገጽ ላይ ጭናችሁ ቀለም ስጡት። የገብሱና የስንዴው ለበሽታ የሚያጋልጡት አባላት አንድ ላይ መሰብሰብ አለባቸው፤ የአራቢዶፕሲሱ ኤምኤልኦ 2፣ 6 እና 12 ከቲማቲሙ ጋር በሌላ ቅርንጫፍ ይሆናሉ። እንዲህ ካልወጣ ወደ አራተኛው ደረጃ ተመለሱ።

ለቅርጹ በኮምፒውተር የተተነበዩ የፕሮቲን ቅርጾችን የያዘውን የአልፋፎልድን ዳታቤዝ ተጠቀሙ። ፋይሉን በኪሜራኤክስ ክፈቱ፤ አላይመንታችሁንም አብራችሁ ጫኑ። ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ዓምድ አለመለወጥ በቅርጹ ላይ በቀለም ያሳያል። የአልፋፎልድን የእምነት ቀለም ሳታዩ ግን ስለ ቅርጹ ምንም አትጻፉ። ጥቁር ሰማያዊ ከ90 በላይ ነው፤ ብርቱካናማ ከ50 በታች። የኤምኤልኦ ጅራት ላይ ብርቱካናማ ብታዩ እዚያ ቦታ ቅርጹ አይታወቅም ብላችሁ ተናገሩ።

አሁን ወደ ኢትዮጵያው ኤምኤልኦ-11 እንመለስ። ብዙ ተማሪ የመቋቋሙን ምክንያት በፕሮቲኑ ሲኩዌንስ ውስጥ ሊፈልገው ይነሳል። አያገኘውም። የኤምኤልኦ-11 ለውጥ ያለው ከጂኑ በፊት ባለ፣ በተደጋገመ የዲኤንኤ ክፍል ላይ ነው። የተደጋገመው የጂኑን መቆጣጠሪያና የመጀመሪያ ክፍሉን ቅጂ የያዘ ሲሆን የጂኑን ንባብ ያውካል። ዋናው ጂን ራሱ ጤነኛ ነው። በዚህ መመሪያ የሠራችሁት ሁሉ ፕሮቲንን ብቻ የሚያይ ስለሆነ ያንን ለውጥ አያሳያችሁም። ከጣርማበር ያመጣችሁት ገብስ ኤምኤልኦ-11 አለው ወይስ የለውም ለማለት ዲኤንኤውን በፒሲአር (ዲኤንኤ በሚያባዛው ዘዴ) መመርመር ያስፈልጋል። የፕሮቲን ቤተሰቡ ሥራ የሚረዳችሁ የትኛው የገብስ ጂን እውነተኛው እጩ እንደሆነ ለመለየትና ሌሎቹን ዘመዶች ላለማምታታት ነው።

ስምንተኛ፦ ማስቀመጥና ማካፈል

ፎልደሩ ውስጥ አምስት ነገር ይኑር፦ የወረደው ጥሬ ፋይል ሳይነካ፣ ሲዱ፣ ሞዴሉ፣ የውሳኔው ሠንጠረዥ፣ እና የፕሮግራሞቹን ስሪት ከነኮማንዶቹ የያዘ አጭር ማስታወሻ። ሁለት ቅጂ በተለያየ ቦታ አስቀምጡ። አንዱ ላፕቶፑ ላይ ካለ ሌላው እዚያው ቦርሳ ውስጥ ባለ ፍላሽ ላይ አይሁን። ዜኖዶ በሚባለው የምርምር ፋይሎች ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ስትጭኑት ዲኦአይ የሚባል ቋሚ መለያ ይሰጣችኋል፤ ጽሑፋችሁ ላይ ትጠቅሱታላችሁ።

ፒፋም ውስጥ የሌለ ቤተሰብ ካገኛችሁ ወይም ያለውን ካሻሻላችሁ ለአዘጋጆቹ ላኩላቸው። ኦርኪድ የሚባለው የተመራማሪ መለያ ቁጥር ካላችሁ ቤተሰቡን ካዘጋጁት ሰዎች ጋር ስማችሁ ይያያዛል። ሲድ አላይመንቱን፣ ያወጣችሁትን ገደብ እና ገደቡን ለምን እዚያ እንዳሰመራችሁት የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ አያይዙ።